የእንግዳ ሳህን

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ነርሷ ዛሬ መጥታ እማዬን መዘነቻት። ቁጥሩን አይታ ሚዛኑን ወደ ግድግዳው አስጠግታ እንደገና አቆመቻት። ያው ነው። ኮሪደር ላይ ይዛኝ ወጥታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እህቴ፣ ሰውነታቸው እያለቀ ነው። እንዲህ ከቀጠሉ ክረምቱን አይወጡትም" አለችኝ። የእማዬ ጆሮ ደግሞ እንደ ድሮው ነው፣ የከዳት አእምሮዋ ነው። ከውስጥ ሆና "ማነው የማይወጣው?" አለች።

ምን ላድርግ አልኳት ነርሷን። ማንኪያ ስዘረጋላት ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። ሾርባ፣ የተፈጨ ድንች፣ እርጎ፣ ያልሞከርኩት የለም። ነርሷ የማበላበትን ሳህን አየችው። ዳር ዳሩ የተላላጠ የብረት ሳህን ነው፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ ያለ። "አንዳንዴ ዓይን ነው የሚበላው፤ እስቲ የሚያምር ነገር ላይ አቅርቢላቸው" አለችና ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

የሚያምር ነገርማ ሞልቷል። ቡፌው ውስጥ ተቆልፎበት ነው ያለው።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ሥራ ቦታ የምንሰፋው የሆቴል መጋረጃ በወሩ መጨረሻ መድረስ አለበት ተብሏል። ሲነጋ እማዬ ቁርሷን ቀሚሴ ላይ ተፋችው። ቀይሬ ስደርስ አለቃዬ ሰዓቷን አይታ "ዛሬም?" አለች። ዛሬም። ሌላ ምን እላታለሁ።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

ቡፌውን ከውጭ ወለወልኩት። ከውስጥ መወልወል የእማዬ ሥራ ነው። ነበር ልበል እንጂ።

ሳህንና ስኒዎቹን አባዬ መርከብ ላይ ይሠራ በነበረ ጊዜ ነው ያመጣላት። ነጭ ናቸው፣ ዳራቸው ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር፣ ከሱ ሥር ደግሞ ከሱ የባሰ የቀጠነ የወርቅ መስመር። አንዱን ሳህን ወደ መስኮት ከፍ ብታደርጊው የጣትሽ ጥላ በማዶ ይታያል፣ ያን ያህል ስስ ናቸው። ልጅ ሆነን እንግዳ ሲመጣ እኔና ወንድም ጋሼ ወጥ ቤት ቆመን እንበላ ነበር። እንግዶቹ ሲሄዱ አጣቢዋ እኔ ነኝ። ገንዳው ውስጥ ፎጣ ይነጠፋል፣ አንድ በአንድ ይታጠባል፣ እማዬ ከኋላዬ ቆማ ትንፋሼን ትቆጥራለች። ደርቀው ወደ ቡፌው ሲገቡ ነው እሷም እኔም የምንተነፍሰው። "ለእንግዳ ነው" የሚለውን ቃል ከራሴ ስም በላይ ሰምቼዋለሁ። አንድ ቀን እንኳን በልቼባቸው አላውቅም።

እነዚያ እንግዶች የት አሉ? የአባዬ አለቃ ሞተ። ሳቃቸው ደረጃው ድረስ ይሰማ የነበረው ሴትዮም ሞቱ። አባዬ ራሱ ሞተ። ሰው ደጃችንን ከረገጠ ስንት ጊዜው።

ትናንት ሥራ ቦታ ይሄንኑ ሳወራ፣ ጨርቅ የምትቆርጥልን ባልደረባዬ፣ በምላሷ ምክንያት "መቀስ" የምንላት፣ "ታዲያ ለማን ነው የምታስቀምጡት? ለአይጥ?" አለች። ከእኛ ደረጃ ሥር ያሉት እትዬ፣ ቀን ቀን እማዬን የሚያዩልኝ፣ እሳቸውም ድሮ እንደዚህ ያለ ዕቃ ነበራቸው። "በየቀኑ ስበላበት አንድም አልተረፈኝ። ግን በልቼበታለሁ" አሉኝ።

ወንድም ጋሼ ዘንድ ደወልኩ። "እንዳትነኪው" አለኝ። "እማዬ ዕድሜ ልኳን ያቆየችውን አንቺ በሳምንት ልትጨርሺው ነው? አንዱ ከተሰበረ እኮ ሙሉ ዕቃ አይባልም።" ሚስቱ ከጀርባው "ለልጃችን የታሰበ ነው በላት" ስትል ሰማኋት። አልሰማሁም ብዬ ዘጋሁት።

ሰኔ 10፣ ሰኞ

የቡፌውን ቁልፍ እማዬ በክር አንገቷ ላይ ነው የምታደርገው። ሰውነቷን ሳጥባት በራሷ ላይ አወጣሁት። እሷ ዓይኗን ከሳሙና ጨፍና ነበር። ሰረቅኩ ብል ይሻላል።

ማታ ጠረጴዛውን ጨርቅ አልብሼ፣ ሾርባውን በጎድጓዳው፣ ዳቦውን በትንሹ ሳህን አድርጌ አስቀመጥኩላትና ከፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። አየችው። ከዚያ ሻርፗን ወደፊት ሳበች፣ ጀርባዋን ቀጥ አደረገች፣ ጉልበቶቿን ገጠመች። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ ወደኔ ገፋችው።

"ይብሉ እንጂ፣ ምን ይጠብቃሉ?"

ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።"

"አይግደርደሩ። እንደ ቤትዎ ይሁኑ። እርስዎ ካልበሉልኝ እኔም አልበላም።"

አንድ ማንኪያ ጎረስኩ። እሷም የራሷን ማንኪያ አነሳችና አንድ ጎረሰች። እየጠበቀችኝ። እኔ ሁለተኛ፣ እሷ ሁለተኛ። እንግዳ ብቻውን አይበላማ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሾርባው አለቀ፣ ዳቦውንም ቆርሳ አጥቅሳ በላች። ከደስታዬ ብዛት ሳህኑን ሳጥብ ሁለት ጊዜ ሊያመልጠኝ ነበር።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ጠዋት በብረት ሳህኑ አቀረብኩላት፣ ላረጋግጥ ብዬ። አሸተተችና "ይሄ ምንድነው፣ የዕቃ እጣቢ? አንቺ ልጅ መቼ ነው ሙያ የሚገባሽ?" አለችኝ። ከንፈሯ ተገጠመ። አለቀ።

ማታ በጥሩው ሳህን። "እርስዎ" ተባልኩ። ጠርጋ በላች።

ሳህኑ ካለ ትበላለች፣ ግን አታውቀኝም። ሳህኑ ከሌለ ታውቀኛለች፣ ግን አትበላም። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ያውቃል? ሳህኑን መረጥኩ። ለምግቡ ብዬ ነው። ማንም ቢሆን ይሄንኑ ነበር የሚያደርገው።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ ስንበላ ሥራዬን ጠየቀችኝ። መጋረጃ እሰፋለሁ አልኳት። "እንዴት ያለ ሙያ ነው" አለች። "ቤት ያለ መጋረጃ ምን ቤት ነው። እስቲ እጅዎን ይስጡኝ።" ሰጠኋት። መርፌ የበላውን ጣቴን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። "የሠራ እጅ ነው" አለች።

ይሄው እጅ ነው እኮ። ልጇ ሆኜ "ጨርቅ ስትቀጣጥዪ ዕድሜሽን ፈጀሽው" ስትለኝ የኖረችው ስለዚሁ እጅ ነው። ተናደድኩ መሰለኝ። ተናድጄም አይደለም። ዕቃ አጥቤ ጨርሼ እንኳን ጣቴን ሳየው ነበር፣ እንደ ሞኝ።

ሰኔ 17፣ ሰኞ

ሚዛኑ ትንሽ ከፍ ብሏል። ነርሷ "ምን አደረግሻቸው?" አለች እየሳቀች። "ሳህን ቀየርኩ" አልኳት። ከዚህ የቀረውን አልነገርኳትም፤ ምን ብዬ እጀምረዋለሁ።

ለእትዬም ምሳዋን በዚያው ሳህን እንዲሰጧት ነገርኳቸው። ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ከቡፌ ማውጣት መመለስ እንዳይሰለቻቸው ዕቃው ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ተሰናድቶ ይዋል ብያለሁ። ጥሩ ዘዴ ነው።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ትናንት ማታ እራት አብረን በልተን ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። እትዬ ዕቃውን አንስተውልኝ ኖሯል። ስመለስ እማዬ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"አሁን የወጣችውን ሴት ደረጃ ላይ አላገኘሻትም?"

"የትኛዋን?"

"እንግዳዬን ነዋ። እንዴት ያለች ሰው መሰለችሽ። ስትቀመጥ ታምራለች፣ ጨዋታ ታውቃለች። አንቺ እንግዳ ስትመጣ የት ነው የምትጠፊው? አሳፈርሽኝ።"

ይቅርታ አልኳት። "እንደሷ ያለች ልጅ የወለደች እናት ምንኛ ታድላለች" ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ዛሬ ሥራ ቦታ ለመቀስ እንደ ቀልድ አወራኋት። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ቀጥሎ ገበር ላመጣ ብዬ መጋዘን ገብቼ ጥቅል ጨርቆቹ መሃል ቆየሁ። ገበሩንም ሳልይዝ ነው የወጣሁት።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

ከምሳ በኋላ ሻይም በስኒዎቹ አቀረብኩ። ጠግባ ነበር እርግጥ። ለምግቡ ብዬ ነው፤ ሻይም ውስጡ ስኳር አለው።

ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳልጠይቃት፣ "አንዲት ልጅ አለችኝ" አለች። እዚሁ ነው የምትኖረው። ትጉ ናት። አባቷ ሲታመም ያስታመመችው እሷ ናት፤ ወንድሟ የራሱን ኑሮ ያዘ፣ እሷ ቀረች። ትዳርም በዚያው አመለጣት። "አንድ ቀን አመስግኛት አላውቅም" አለች።

"ለምን?"

"ለልጅ ጥሩ ቃል ሲበዛ ይረክሳል ብዬ። አንድ ቀን አስቀምጬ እነግራታለሁ እያልኩ።"

ስኒዬን ማስቀመጫው ላይ ሳሳርፈው ኮሽ አለ። "አሁን ይንገሯታ" አልኳት። ድምፄ የኔ አይመስልም።

"ስትመጣ እነግራታለሁ" አለች። "አሁን የለችም። እርስዎ ግን አደራ፣ እንዳይነግሯት። ከኔ ትስማው።"

ወዲያው ተሰናበትኳት። ዕቃውን ለቅሜ ቡፌው ውስጥ ከተትኩ፣ የጠረጴዛ ጨርቁን ገፈፍኩ፣ ኮቴን ለብሼ ወጣሁና በሩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ቆየሁ። ጸጉሬን ሳይቀር እንደ ቤት ሰው ጠቅልዬ አሰርኩት። ከዚያ በሩን ከፍቼ "እማዬ፣ መጣሁ" አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። አወቀችኝ። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"ይሄ ወለል መቼ ነው የተወለወለው?" አለችኝ።

ሰኔ 23፣ እሑድ

ወንድም ጋሼ ከነሚስቱ ሳይደውል መጣ። እማዬ ገና ከበር ለየችው። "ልጄ፣ ከስተሃል" አለችው። ሆዱ ቀበቶው ላይ ተቀምጦ።

ጠረጴዛው ተሰናድቶ ነበር። ሚስቱ አንዱን ስኒ አንስታ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አገላብጣ አየችው፣ ስንጥቅ ፍለጋ። እሱ "ምን ተባብለን ነበር?" አለኝ።

"በሱ ስሰጣት ነው የምትበላው።"

"ሳህን ምን ታውቅና? የራበው ሰው በእጁ መዳፍም ይበላል። እሷ እኮ ጤነኛ ብትሆን ይሄን አትፈቅድልሽም። አንቺ አእምሮዋ ሲደክም ጠብቀሽ..."

አልጨረሰውም። ይጨርሰው ነበር። ቆሜ ሳህኖቹን ሲያጥቡ አየኋቸው፣ እሱ እያጠበ እሷ እያደረቀች፣ ለአንድ ጊዜ እንኳን ወጥ ቤቴ ገብተው። ቡፌውን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። እኔ መድኃኒቷን ላመጣ ስገባ እማዬ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ "ያቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው? ደክሞኛል ልጄ" ስትለው ሰማሁ። ሚስቱን ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሰኔ 24፣ ሰኞ

አልበላችም።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

አልበላችም። በመስታወት ሳህን ሞከርኩ፣ እትዬ ካላቸው ሁሉ ጥሩውን አመጡልኝ፣ እሱንም አልፈለገችም። "አንቺ ልጅ፣ አታሰልቺኝ" አለችኝ። ወንድም ጋሼ በስልክ "ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ" አለ። ቅዳሜ ድረስ በምን ትቆየዋለች?

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ዛሬ ከሥራ የመጋረጃ ሐዲድ የምንፈታበትን ካቻቢቴ በቦርሳዬ ይዤ መጣሁ። የቡፌው በር ማጠፊያ በውጭ በኩል ነው፤ ያኔ የሠራው አናጢ ይሄን ሁሉ ጥንቃቄ አላወቀም። ብሎኖቹን ፈታኋቸው፣ በሩን ከነመስታወቱ አንስቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ቁልፉ ወንድም ጋሼ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ።

እማዬ ድምፁን ሰምታ መጣች። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ "ቤቱን እያደሱ ነው?" አለችኝ በጨዋ ቋንቋ። ሾርባዋን ጠጣች። ግማሹን። ከበፊቱ ያንሳል።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ወንድም ጋሼ ቅዳሜ አልመጣም። ነርሷ ዛሬ ሚዛኑን አልወደደችውም። ቁጥሩ ጨምሯል፣ ግን የጨመረው ውሃ ነው አለች። የእማዬን ቁርጭምጭሚት በጣቷ ተጫነችው፣ የጣቷ ቦታ ጎድጎድ ብሎ ቀረ። "እግራቸውን ከፍ አድርገው ይተኙ" አለች። ይተኛሉ አልኩ። ማታ ማታ ትተኛለች እኮ።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

የሆቴሉ መጋረጃ ተሰቀለ። አንዱ ክፍል ላይ ሽንሽኑ ተዛብቷል፤ የኔ ሥራ ነው። አለቃዬ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እናትሽን አስታሚ፤ ሥራ ሲበዛ አስጠራሻለሁ" አለችኝ። ሥራው እኮ በዝቶ ነው ያለው።  መቀስ የለመድኩትን የመቀመጫ ትራሴን ጠቅልላ በፌስታል ሰጠችኝ።

ይሁን። ቀኑን ሙሉ ከእማዬ ጋር እሆናለሁ። ስለ ልጇ ስታወራ እሰማለሁ። በሦስቱም ምግብ አብሬያት እቀመጣለሁ። ለምግቡ ማለቴ ነው።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን ልጽፈው አልፈልግም። ግን ልጻፈው።

ነርሷ ከሳምንቱ ቀኗ ውጭ መጣች፣ እኔ ነኝ የጠራኋት። የእማዬ እግር እስከ ጉልበቷ አብጧል። መቀመጫዋ ላይ ቁስል አገኘች። "ቀን ጋደም የሚሉት መቼ መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።  እትዬ በር ላይ ቆመው ነበር።

"ጋደም አይሉም" አሉ። "እኔ ካየሁበት ቀን ጀምሮ አይሉም። ስንቴ ለመንኳቸው። ጫማቸውን እንኳን አያወልቁም።"

"ለምን?"

"'እንግዳ አለ' ይሉኛል። ጠረጴዛውን እያሳዩኝ።"

ነርሷ ጠረጴዛውን አየች፣ ምንም አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ። ከጠዋት ጀምሮ ተሰናድቶ ይዋል ያልኩት እኔ ነኝ። ዕቃው ከተቀመጠ እንግዳ ይመጣል፣ ወይም መጥቷል፤ እንግዳ ባለበት እማዬ ተኝታ አታውቅም። ሳምባ ምች ይዟት እንኳን ለአባዬ አለቃ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሻይ ቀድታለች። ይሄን ሁሉ ሳምንት ያቺን ሴት ከወንበር አላነሳኋትም። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ እኔው ከፊቷ ተገትሬ እየዋልኩ፣ ጨዋታ እያመጣሁ፣ "ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ" እያልኩ። ያኔ ለወንድም ጋሼ "ያቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው" ስትለው ሰምቻታለሁ።

ሚስቱን አልነበረም።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ዕቃውን በሙሉ ወደ ቡፌው መለስኩ። በሩንም መልሼ ገጠምኩት። የብረት ሳህኑን አንስቼ፣ ሽርጥ አድርጌ፣ ጸጉሬን ጠቅልዬ ገባሁ። ትቆጣኝ ብዬ ለመንኩ። እጣቢ ነው በይኝ፣ ሙያ የለሽም በይኝ፣ የፈለግሽውን በይኝ ብዬ።

እጇን ወንበሩ ላይ ተመርኩዛ ልትነሳልኝ ሞከረች። "ይግቡ፣ ይግቡ። ቆመው ቀሩ እኮ" አለችኝ።

"እማዬ።"

"ልጅዎ ነኝ ማለትዎ ነው? እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደ ልጄ ነው የማይዎት።"

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ያለ ሳህኑም እንግዳ ሆኛለሁ። ቀሚስ ቀየርኩ፣ ድምፄን ቀየርኩ፣ የድሮ ፎቶዬን አሳየኋት። ፎቶው ላይ ያለችውን ለየቻት። "ልጄ ናት። እንዴት አወቋት?" አለች። ከፎቶው ወደ ፊቴ ፈጽሞ አልመጣችም።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። እትዬ የቤት ሰው ናቸው፣ እሳቸው ሲኖሩ ትተኛለች። ስለዚህ ምሳ እንደበላን እሰናበታለሁ። ምሳ የምለው ሁለት ሦስት ማንኪያ ነው። እማዬ ልትሸኘኝ ትነሳለች፤ ተይ ቢሏት አትሰማም። ግድግዳውን ይዛ እስከ በሩ ትመጣለች። "የቤት ሰው ይጠብቅዎታል፣ አላቆይዎትም" ትለኛለች። ጉንጬን ትስመኛለች። በሩ ይዘጋል። ከዚያ እትዬ አልጋ ላይ ያጋድሟታል፣ ትራስ ከእግሯ ሥር ያደርጋሉ፤ እኔ ታች እሳቸው ቤት እቀመጣለሁ። ሌሊት ከእንቅልፏ ስትነሳ እንዳታየኝ የምተኛው መብራት አጥፍቼ ወጥ ቤት መሬት ላይ ነው፣ የሥራ ቦታ ትራሴን ተንተርሼ።

በገዛ ቤቴ ሌባ ሆኛለሁ። ግን ቁስሏ ትንሽ ደርቋል ብለውኛል እትዬ። እኔ አላየሁትም፤ ለእንግዳ ገላ አይታይም።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ዝናብ። አልበላችም። በየትኛውም ሳህን።

መቀስ ልትጠይቀኝ መጥታ ታች አገኘችኝ። "እሺ፣ ከሁለት አንዱን በይኝ፣ ሳህኑን ማውጣቱ ነበር የሚሻለው ወይስ መተው?" አልኳት።  "እኔ ምን አውቃለሁ፣ እኛ ቤት ሁሉም ሳህን አንድ ነበር" አለች።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ነርሷ ዛሬ "ወንድምሽን ጥሪው" አለችኝ። መጣ፣ ብቻውን። በሩ ላይ ስለ ቡፌው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ፊቴን አይቶ ተወው።

እማዬ እኔ ስላለሁ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነበር። ጭንቅላቷ ወደ ጎን እየወደቀ ታነሳዋለች፣ እየወደቀ ታነሳዋለች። ስታየው ትከሻዋ ወረደ። "ልጄ፣ እንግዳችንን ሸኛቸው፣ ይመሽባቸዋል" አለችው። ወደኔ ዞራ "መነሳት አቃተኝ፣ አይቀየሙኝ" አለችኝ።

አልቀየምም አልኳት። ወንድም ጋሼ እስከ በሩ ሸኘኝ። እንደዚህ አፍሮ አይቼው አላውቅም። "ወጥ ቤት ግቢ፣ ምን አለበት?" አለኝ በሹክሹክታ።

"በቀን ብርሃን ከአልጋዋ ይታያል። ካየችኝ ትነሳለች። እኔ እንዳልገባ፣ እንዳትጠራኝ፣ ትተኛ" አልኩት።

አሁን ደረጃው ላይ ነኝ። እትዬ ሻይ አምጥተውልኛል። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

እማዬ ቅዳሜ ከመምሸቱ በፊት አረፈች። እሑድ ቀበርናት። ለቅሶ ደራሹ ዛሬ ቀለለልን።

ወንድም ጋሼ እስከ አሁን ምንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ዛሬ ወንበር እየደረደርን ሳለ ራሱ ጀመረው። "እንደወጣሽ ተጋደመች" አለኝ። "እግሯን ዘረጋች። ደስ አላት። ትንሽ ቆይታ 'እህትህ ገባች?' አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ምን ልበላት? 'አልገባችም፣ አሁን ትመጣለች' አልኳት።"

"ከዚያስ?"

"'የምነግራት ነገር አለኝ፣ እጠብቃታለሁ' አለች። ዓይኗን በሩ ላይ አድርጋ ቆየች።"

"ብዙ ቆየች?"

ወንበሩን እንደያዘ ነው። "ቆየች። ሁለቴ ደግሞ ጠየቀችኝ።"

"ለምን አልጠራኸኝም?"

"ብትገቢ ትነሳለች ብዬ ነዋ። እንዳትጠራኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

እኔ ነኝ ያልኩት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ እኔም ደረጃው ላይ ሆኜ ሁለቱ ሲያወሩ ይሰማኝ ነበር፤ ቃሉ ነው ያልለየልኝ። ድምጿ ደህና ስለነበር ደስ ብሎኝ ሻዬን ጠጣሁ።